ክረምት በእንጦጦ፦ የወቅቱን ምግብ፣ የጓሮ አትክልትና የቡሄን በዓል በጤና ለማሳለፍ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ማርያም አካባቢና በተራራው ግርጌ ለሚኖሩ ነዋሪዎች ክረምት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ዝናቡ ለጓሮ ያለ ክፍያ የሚደርስ ውኃ ነው፤ እሸት በቆሎ ወደ ከተማው የሚገባበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸው የቡሄን በዓል የሚጠባበቁበት ወቅት ነው። በሌላ በኩል ያለፈው ዓመት እህል የሚሳሳበት፣ ብርዱ የሚበረታበት፣ ውኃ የሚደፈርስበትና በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚነድበት ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነዋሪዎች በወቅቱ የሚገኘውን ምግብ በአግባቡ እንዲጠቀሙ፣ በአነስተኛ ቦታ አትክልት እንዲያለሙና በዓላቱን ያለ አደጋ እንዲያከብሩ የሚያስችል መረጃ መስጠት ነው። አብዛኛው ምክር በአዲስ አበባ ለሚኖር ሁሉ የሚያገለግል ሲሆን፣ የከፍታ ቦታ ልዩ ጠባይ የሚጠይቃቸው ጉዳዮች ተለይተው ተገልጸዋል።

ክረምት መቼ ነው? በእንጦጦስ ምን ልዩነት አለው?

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ይቆያል። የዓመቱ ረጅሙ ቀን የሚውለው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 14 ቀን ገደማ ነው። በሰሜን አውሮፓ አገሮች ይህ ቀን የሞቃቱ ወራት ዋና በዓል ነው፤ ስዊድናውያን አዲስ የደረሰ ድንችና እንጆሪ ይዘው ከቤት ውጭ ያከብሩታል፣ ፊንላንዳውያን በሐይቅ ዳር ደመራ ያነድዳሉ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ረጅሙ ቀኗ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም በአገራችን የወቅቱ ምልክት የፀሐይ መርዘም ሳይሆን የዝናብ መምጣት ነው። የእሳቱና የዳቦው በዓልም ዝናቡ ከበረታ በኋላ፣ በነሐሴ አጋማሽ ይውላል።

አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ጉሙና ቅዝቃዜው ከመሀል ከተማው ይበልጣል። የቦታው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሁን እንጂ የተራራው ብርድ፣ የውኃና የማገዶ እጥረት መንግሥቱ ወደ ፍልውኃ አካባቢ እንዲወርድና አዲስ አበባ እንድትቆረቆር ምክንያት ከሆኑት መካከል ይጠቀሳሉ። የማገዶውን ችግር ለማቃለል የመጣው ባሕር ዛፍም ዛሬ የተራራውን ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ይገኛል።

ብርድ፣ ውኃና ማገዶ ዛሬም በክረምት የእንጦጦ ቤተሰብ ዋና ጉዳዮች ናቸው። ከዚህ በታች የቀረቡት ምክሮች በአብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ ዙሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

የወቅቱ ምግብ

*እሸት በቆሎ።* ከሐምሌ ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ተጠብሶና ተቀቅሎ የሚሸጠው በቆሎ የወቅቱ ተወዳጅ ምግብ ነው። የእሸቱ ጣፋጭነት የሚመጣው በፍሬው ውስጥ ካለው ስኳር ሲሆን፣ ከተቀነጠሰ በኋላ ስኳሩ በፍጥነት ወደ ስታርች ይለወጣል። በመሆኑም እሸት በቆሎ በተገዛበት ዕለት ቢበላ ይመረጣል። ሲገዛ ልባሱ አረንጓዴና እርጥብ የሆነው፣ ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ወተት መሳይ ፈሳሽ የሚያወጣው ይመረጣል። ሻጋታ የታየበትን በቆሎ መጥበስ ወይም መቀቀል ጉዳቱን አያስወግደውም፤ መጣል ይኖርበታል።

*ጎመንና ድንች።* ጎመን በክረምት የብዙ ቤተሰብ መደገፊያ ሆኖ ኖሯል። አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ጓሮው የሚያቀርበው እርሱን ስለሆነ፣ በአነጋገራችን ጎመን የችግር ጊዜ ምግብ ተደርጎ ይነሣል። በምግብነቱ ግን የሚናቅ አይደለም፤ የቪታሚን ኤ፣ የቪታሚን ሲና የብረት ማዕድን ምንጭ ነው። ጥቅሙን ለማቆየት ታጥቦ ከተከተፈ በኋላ በጥቂት ውኃ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ቢበስል ይመረጣል። ጥቂት ሎሚ ቢጨመርበት ሰውነት ብረቱን ይበልጥ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ በአንጻሩ የብረትን ውህደት ስለሚቀንሱ ከምግብ በኋላ ወዲያው ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይመከራል። ድንችን በተመለከተ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነውን ክፍልና ቡቃያውን አጥልቆ ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ክፍሉ በማብሰል የማይጠፋ መርዛማ ንጥረ ነገር ይዟል።

*በለስ።* ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዛት የሚመጣው በለስ በሐምሌና በነሐሴ በገበያ ይገኛል። ጥቃቅን እሾሁ በእጅና በአፍ እንዳይሰካ በሚገባ ታጥቦ፣ በቢላዋ ተላጦ መበላት አለበት። ፍሬው ብዙ ዘር ስላለው በተለይ ሕፃናት በአንድ ጊዜ አብዝተው ቢበሉት ሆድ ድርቀት ሊያስከትል ይችላል።

*ቆሎ፣ ንፍሮና ጥራጥሬ።* ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ለ15 ቀናት ይቆያል፤ በዓሉም ነሐሴ 16 ቀን ይውላል። በእነዚህ ቀናት የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይበላ የቤተሰቡ ገንቢ ምግብ የሚገኘው ከጥራጥሬ ነው። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ እህልን ከጥራጥሬ ጋር የሚያጣምሩ በመሆናቸው የአካል ገንቢ ንጥረ ነገሩ ይሟላል። ተልባ፣ ሱፍና ሰሊጥ ደግሞ የቅባት ምንጭ ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውና መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ ሰዎች ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸውና ከጤና ባለሙያ ጋር ቢመክሩ ይመረጣል። የታዘዘን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

በከፍታ ቦታ ውኃና ምግብ ሲበስል

በእንጦጦ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ይህ በሁለት መንገድ የቤት ሥራን ይነካል። አንደኛ፣ ጥራጥሬ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፈው ቢያድሩ ማገዶ ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ የሚጠጣ ውኃ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ማውረድ በቂ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ሁሉ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ መፍላት አለበት። የአዲስ አበባ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ከፍታ በላይ ስለሚገኝ ምክሩ ለመላው የከተማዋ ነዋሪ ያገለግላል።

በክረምት ጎርፍ ቆሻሻን ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ስለሚያስገባ ተቅማጥና ታይፎይድ የመሳሰሉ በሽታዎች የመስፋፋት ዕድላቸው ይጨምራል። ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሌሎች በጥሬያቸው የሚበሉ አትክልቶች በንጹሕ ወራጅ ውኃ በሚገባ መታጠብ አለባቸው። በወንዝ ውኃ የለሙ መሆናቸው የሚያጠራጥር ከሆነ አብስሎ መመገብ ይሻላል።

የጓሮ አትክልት፦ በትንሽ ቦታ ምን ይበቅላል?

በእንጦጦ ብርድ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ እንደ ቆላና ወይና ደጋ አይመቻቸውም። ለቦታው የሚስማሙት ብርድ የሚችሉ ሰብሎች ናቸው፦ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላና አተር። ከመዓዛማና ከመድኃኒትነት ዕፀዋት ጤና አዳምና ዳማ ከሴ በቤት ዙሪያ በቀላሉ ይለማሉ። ጤና አዳም በቡና ውስጥ ጥቂት ቅጠል ከመጨመር ባለፈ አብዝቶ መጠጣት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ አይመከርም።

በክረምት የጓሮ ዋና ጠላት የውኃ ማጣት ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው። የሚከተሉት ተግባራት ጉዳቱን ይቀንሳሉ።

1. *መደቡን ከፍ ማድረግ።* የመደቡ ወርድ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሥሩ አይበሰብስም፤ ሰውም አፈሩን ሳይረግጥ ከሁለቱም ጎን ሊሠራ ይችላል። በተዳፋት ቦታ መደቡ ቁልቁለቱን አቋርጦ መሠራት አለበት። ቁልቁል የተሠራ መደብ አፈሩን ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጣል።

2. *ርቀት መጠበቅ።* የጎመን ችግኝ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል። ድንች በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። ተጠጋግቶ የተተከለ አትክልት አየር ስለማያገኝ በዝናብ ወቅት በበሽታ ይጠቃል።

3. *የድንች በሽታን መከታተል።* በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲበዛ በድንች ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታይቶ በጥቂት ቀናት ማሳውን ሊያደርቅ ይችላል። የተጠቃው ተክል ተነቅሎ ከጓሮው መራቅ አለበት። ከተጠቃ ማሳ የተሰበሰበ ድንች ለዘር አይውልም።

4. *ፍግን በአግባቡ መጠቀም።* ያልበሰለ የከብት ወይም የዶሮ ፍግ ቅጠላቸው በሚበላ አትክልቶች ላይ አይደረግም፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ከወጥ ቤት የሚወጣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና ደረቅ ሣር ተደባልቆ ለጥቂት ወራት ሲብላላ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን የሌሎችን ዕፀዋት ዕድገት የሚገታ ባሕርይ ስላለው ከብስባሹ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

5. *ከሥር ቅጠል መቅጠፍ።* የአበሻ ጎመን ከነሥሩ ሳይነቀል ከታች ያሉት ቅጠሎች ብቻ እየተቀጠፉ ቢወሰዱ ለረጅም ጊዜ ይመግባል።

ጓሮ የሌለው ቤተሰብ በጆንያ ማልማት ይችላል። በጆንያው መሀል ከላይ እስከ ታች በጠጠር የተሞላ የውኃ መውረጃ ይበጅና ዙሪያው በአፈርና በብስባሽ ይሞላል። ጎኑ በየቦታው ተበስቶ ጎመንና ቆስጣ ሲተከልበት አንድ ጆንያ በር ላይ ወይም በደረጃ ሥር ተቀምጦ ለወጥ የሚሆን ቅጠል ሊሰጥ ይችላል። ጆንያው ቀደም ሲል ኬሚካል ወይም ማዳበሪያ የያዘ መሆን የለበትም።

በክረምት ከጓሮ አልፎ ለሚተከል ችግኝም በእንጦጦ ተስማሚ የሆኑት የአገር በቀል ዛፎች ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር የሚሳተፉ ነዋሪዎች ችግኙ የመጣበትን ፕላስቲክ አውልቀው፣ የግንዱ መነሻ ከአፈሩ ጋር እኩል እንዲሆን አድርገው መትከል ይኖርባቸዋል። ፕላስቲኩ ሳይወልቅ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠምዝዞ ይደርቃል። የተራራውን ዕፀዋት ማወቅ የሚፈልጉ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመውንና 705 ሄክታር ስፋት ያለውን የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል መጎብኘት ይችላሉ።

ቡሄና ሌሎች የክረምት በዓላት

በክረምቱ መካከል ልጆች የሚናፍቁት በዓል ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ይህ በዓል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ይባላል፤ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን ይታሰብበታል። በትውፊቱ መሠረት በዚያ ብርሃን ምክንያት መምሸቱን ያላወቁ እረኞች በሜዳ ስለቆዩ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጥተዋል። ችቦውና ሙልሙል ዳቦው ይህንን ያስታውሳሉ። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ በተራራው ላይ የተሰማውን ድምፅና ነጎድጓድ ያመለክታል ተብሎ ይነገራል።

ቡሄ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በዓል ነው። በዓሉ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሥጋም ቅቤም አያስፈልገውም፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ውኃ ለሙልሙል በቂ ናቸው። በብርዱ ምክንያት ቡሆ ቶሎ ስለማይነሣ ከምድጃ አጠገብ ተሸፍኖ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይኖርበታል። ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ ብለው ሲጨፍሩ ዳቦ መስጠት ልማዱ ነው። በአሁኑ ጊዜ ገንዘብ የሚሰጥ ቢበዛም ሙልሙል መጋገር የባህሉን ትርጉም ያቆያል፤ ወላጆች ለክርስትና ልጆቻቸው የሚሰጡት ስጦታም ይኸው ዳቦ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ችቦ ሲበራ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ሊዘነጉ አይገባም።

- ችቦ ከመኖሪያ ቤት፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከባሕር ዛፍ ደን ርቆ፣ በገላጣ ቦታ ይለኮስ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በርጥብነቱም ይቀጣጠላል።
- እንጨቱ እርጥብ ቢሆንም ቤንዚን ወይም ናፍጣ አይጨመርበት። እሳቱ በድንገት ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። እንጨቱን ከቀናት አስቀድሞ ከዝናብ ጠብቆ ማድረቅ መፍትሔው ነው።
- ጎማና ፕላስቲክ አይቃጠል፤ ጭሱ መርዛማ ነው።
- አንድ ባልዲ ውኃ ወይም አሸዋ በአቅራቢያ ይቀመጥ። እሳቱም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቦታውን ለቆ መሄድ አይገባም።
- ሕፃናት ያለ አዋቂ ችቦ አይያዙ። በየቤቱ ለመጨፈር የሚወጡ ልጆች በቡድን ይሁኑ፤ ዋና መንገድ ላይ በጉምና በጨለማ እንዳይሄዱ ወላጆች ይከታተሉ።
- በቃጠሎ የተጎዳ ሰው ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ሥር ይደረግ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ መቀባት ቁስሉን ያመረቅዛል።

ከቡሄ በኋላ ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ይውላል። ከዚሁ ዕለት ጀምሮ በአማራ ክልል ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ በልጃገረዶች ጨዋታ ይከበራሉ። የስማቸው መነሻ የሆነውን ረጅም ሣር ልጃገረዶች በወገባቸው አስረው ይጫወታሉ። ጳጉሜን 3 ቀን የሚዘንበው ዝናብ ብዙ ሰው የሚጠመቅበት ነው። በመስከረም 1 ቀን ደግሞ አደይ አበባ ፈክቶ አዲሱ ዓመት ይብታል። ለበዓላቱ የአገር ልብስ መግዛት ለሚፈልጉ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ የሸማኔዎች ሥራ የሚሸጥበት ታዋቂ ስፍራ ነው።

ከቡሄ ወዲያ ክረምት እንደሌለ የሚናገር የቆየ አባባል አለ። በእርግጥም ሰማዩ መገለጥ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ዝናቡ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ የጎርፍ ጥንቃቄ በቡሄ ሊያበቃ አይገባም። ከእንጦጦ የሚነሡት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች በተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ታችኛው ሰፈር ሳይዘንብ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። ልጆች በወንዝ ዳር እንዳይጫወቱ፣ የውኃ መውረጃ ቦዮችም በቆሻሻ እንዳይደፈኑ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የከሰል ጭስ፦ በክረምት ሕይወት የሚቀጥፍ አደጋ

በቆሎ ለመጥበስ፣ ቡና ለማፍላት ወይም ቤት ለማሞቅ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል፤ ተኝቶ ከሆነም ላይነቃ ይችላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ከቀላ በኋላ ቢገባ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። የቀላ ከሰልም ጋዙን ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ የሚጠፋው የሚታየው ጭስ ብቻ ነው።

በመሆኑም ከሰል በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ ወይም በበረንዳ ይንደድ። ቤት ውስጥ ከገባ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው የግድ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት በአንድ ጊዜ በብዙ የቤተሰብ አባላት ላይ ከታየ ሁሉም ፈጥነው ወደ ውጭ መውጣትና የሕክምና እርዳታ መጠየቅ አለባቸው። ብርዱን ለመከላከል ተጨማሪ ልብስ፣ ትኩስ አጥሚትና ሾርባ፣ በር ሥር የሚገባውን ነፋስ በጨርቅ መድፈን ከሰል ከማሳደር ይሻላሉ። ነፋሱ የሚደፈነው ግን በቤቱ ውስጥ ምንም እሳት በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው።

አገልግሎት የት ይገኛል?

- *የከተማ ግብርና ምክር፦* የአትክልት ዘር፣ ችግኝና የባለሙያ ምክር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የግብርና መረጃ በስልክ ለማግኘት በ8028 ነፃ መስመር ይደወላል።
- *እሳት፣ ጎርፍና ሌላ ድንገተኛ አደጋ፦* ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን በ939 ይደወላል።
- *አምቡላንስ፦* የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 ይገኛል።
- *የጤና ምክር፦* ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና በጾም ወቅት ስለ መድኃኒት አወሳሰድ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምክር ይሰጣል።

ለአደጋ ጥሪ ሲደወል የቦታውን ስም፣ በአቅራቢያው የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት አስቀድሞ መንገር እርዳታው ፈጥኖ እንዲደርስ ያስችላል። በእንጦጦ ጉም ምክንያት ተሽከርካሪ መንገድ ሊያሳልፍ ስለሚችል አንድ ሰው ባትሪ ይዞ በዋናው መንገድ ላይ እንዲጠብቅ ማድረግ ይመከራል።